አንባቢ ይጠይቃል፦ ወደ ጣርማበር ድንጋያማ ጫፍ ስትወጡ

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ተራራ ጉዞ ናቸው። ሰማዩ ጠራ፣ ገብሱ ቢጫ ሆነ፣ ሰውም እግሩን ማፍታታት ፈለገ። ሰሜን ሸዋን የሚመለከቱትን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። አንዱ መልስ ረዘም ብሏል፣ ምክንያቱን ስታነቡት ታገኙታላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ጓደኛሞች ነን፣ ስድስት ነን። ወደ ደሴ ባለፍን ቁጥር ጣርማበር ላይ ከመንገዱ በላይ የሚታዩት ድንጋያማ ጫፎች ያጓጉናል። ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን አንዱ ጫፍ ላይ ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት እንፈልጋለን። ከእንጦጦ በስተቀር ተራራ ወጥተን አናውቅም። ይቻላል ወይ? ምን እንያዝ?» (ስድስቱ ጓደኛሞች፣ አዲስ አበባ)

መውጣቱ ይቻላል። ሌሊት ተነስቶ ማታ መግባቱን ግን ተዉት።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከወር በፊት ሄዶ የመጣ ሰው የነገራችሁ አይበቃም። በምትሄዱበት ሳምንት እዚያው የሚኖር ሰው ወይም በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ጋ ደውሉ። «ለጊዜው ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ፣ አትከራከሩ።

መንገዱ ሰላም ነው ከተባላችሁ አርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቁና በብርሃን ደብረ ብርሃን ግቡ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ስታድሩ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ። አንደኛ፣ ከተማው ራሱ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሰውነታችሁ ትንሽ ይለምዳል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ጠዋቱን ታገኙታላችሁ። ጣርማበር ላይ ጠዋት ካመለጣችሁ ቀኑ አመለጣችሁ ማለት ነው። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣርማበር ደግሞ ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ በጨለማ ተነስታችሁ ብትነዱም እንኳ እዚያ የምትደርሱት ደክማችሁና አርፍዳችሁ ነው። ከደብረ ብርሃን ግን አንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እግራችሁ መሬት ይረግጣል።

ጠዋት ጠዋት የምለው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጫፉ በስተምሥራቅ ግን ምድሩ ድንገት ያልቃል። ቁልቁል ብትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሰው በቲሸርት የሚውልበት ቆላ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የቆላው አየር ይሞቃል፣ ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እርጥበት ጉም ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ጥርት ብሎ የታየ አገር 6 ሰዓት ላይ ነጭ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ይኼ በክረምት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በበልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በጣም ይብሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የተሻለ ጥራት አለ፣ ግን ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል፣ ጠዋት ስትጀምሩ ሣሩ ነጭ ሆኖ እግራችሁ ስር ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ።

ጉሙ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ያምራል፣ ሰውም ፎቶ ማንሳት ይጀምራል። ከገደሉ ስር ቀጭን ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳል። ነፋሱ ይረጥባል። የአስታው ቅጠል ጫፍ ላይ ጠብታ ይቋጥራል፣ ቅንድባችሁም ላይ እንዲሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከፊታችሁ የሚሄደው ሰው የለበሰው ጃኬት ቀይ ይሁን ሰማያዊ መለየት ያቅታችኋል። ድምፅም ይወሰዳል፣ ቅርብ ያለው ሰው ሩቅ ሆኖ ይሰማል።

እንዲህ ሲሆን ቁሙ። ተሰብሰቡ፣ ሁላችሁም መኖራችሁን ቁጠሩ፣ ከገደሉ ራቅ ብላችሁ ልብስ ደርቡና ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ከፈት ይላል። ካልተከፈተ በመጣችሁበት መንገድ፣ ያንኑ ዱካ ይዛችሁ፣ ተያይዛችሁ ተመለሱ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ «ውኃ የሚወርድበትን ተከትለን እንውረድ» አትበሉ። ሌላ አገር ምንጩን ተከትሎ መንደር የደረሰ ይኖራል። እዚህ ግን ውኃው ራሱ በገደል ነው የሚወርደው።

ስለዚህ መመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ጫፉ ላይ ብትደርሱም ባትደርሱም 6 ሰዓት ሲል ፊታችሁን አዙሩ። ይህን አርብ ማታ እራት ላይ ተስማሙበት፣ ተራራው ላይ አይደለም። ተራራው ላይ ሁሌም አንድ «አሁን እኮ ደረስን» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ያንን ሰው ማመን ይፈልጋል። ጊዜውን ለመገመት የእግር ተጓዦች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ትደምራላችሁ። 4 ኪሎ ሜትር ርቆ 300 ሜትር ከፍ የሚል ጫፍ ቢሆን በዚህ ስሌት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። ለእናንተ ግን፣ ጀማሪዎች ስለሆናችሁና ከፍታውም ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ 2 ሰዓት ያዙለት። በማኅበራችሁ ውስጥ በጣም ቀስ የሚለው ሰው ፍጥነት የሁላችሁም ፍጥነት ነው። እሱን ከፊት አስቀድሙት።

የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ውጡ። የዋጋ ነገር አስቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፣ ሲመለስ ደግሞ ቆርጣችሁ አትስጡት። መንገድ ላይ እረኛ ካገኛችሁም ጠይቁ። ብቻ «ቅርብ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እዚህች ናት» ይላችኋል፣ ደግሞም አልዋሸም፣ ለሱ እግር እውነት ቅርብ ነው። ይልቅ «ከብቶቹ በየት ነው የሚወጡት? ጉም ሲመጣ እናንተ በየት ነው የምትወርዱት?» በሉት። የሚሰጣችሁ መልስ ከስልክ ካርታ ይበልጣል።

ዕቃ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ፣ ላይ ምንጭ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ልብስ በንብርብር ይሁን። ከስር ጥጥ ቲሸርት አትልበሱ፣ በላብ ከረጠበ አይደርቅም፣ ነፋስ ሲያገኘው ያንቀጠቅጣል። ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። የመንዝ ሰው የበግ ፀጉር ባና የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ጋቢ ግን መኪና ውስጥ ተዉት፣ ከረጠበ ሸክም ነው። ፀሐዩ ቅዝቃዜውን አይቶ አይተዋችሁም፣ የፀሐይ ክሬም ያዙ። ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ። ስልክ ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ከገደሉ ጀርባ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል። ለምግብ በሶና ቆሎ የሚያህል የለም። በሶውን በውኃ በጥብጡት፣ ማር ካላችሁ ጨምሩበት፣ ሰውነት ወዲያው ያገኘዋል። አረቄ ተዉ። ያሞቃል የሚባለው ቆዳችሁን ነው፣ ውስጣችሁን ያቀዘቅዛል።

ከስድስታችሁ አንዱ መውጣት ካቃተው ቅር አይበለው። የምኒልክ መስኮት የሚባለው የገደል አፋፍ እዚያው አካባቢ ነው። ብዙ ሳይወጣ ቁልቁል ያንን ሁሉ አገር ያያል፣ ጠዋት ከሄደ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ያገኛቸዋል። እና የምትቆሙበትን ድንጋይ ልብ በሉት። እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ባዛልት ነው፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የዚህን ዓይነት ድንጋይ ንብርብር በዚሁ በጣርማበር ስም ነው የሚጠሩት። ጣልያን በወረራው ዘመን የመኪና መንገድ ዋሻውን የቦረቦረው በዚሁ ተራራ ውስጥ ነው።

«ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር አንድ ጫፍ ልንወጣ ሄደን መጨረሻ ላይ ያለችውን ድንጋይ ወጥቼ መውረድ አቃተኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀስኩ። እነሱ ሳቁ። ድጋሚ መሄድ እፈልጋለሁ ግን ፈራሁ። ፍርሃቱ ይለቃል?» (ከደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ የሳቁት ናቸው ማፈር ያለባቸው። ድንጋይ ላይ መውጣት ከመውረድ ይቀላል፣ ለማንም። ስትወጪ የምትይዢው ዓይንሽ ፊት ነው፣ ስትወርጂ የምትረግጪውን አታይውም። አንቺ ላይ የደረሰው ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።

ይለቃል፣ ግን በድፍረት ብዛት አይደለም፣ በልምምድ ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ድንጋይ ፈልጊ፣ ብትወድቂ የማይጎዳሽ፣ ከቁመትሽ የማይበልጥ። እሱ ላይ ውጪ ውረጂ። ሁለት እጅና ሁለት እግር አለሽ አይደል፣ ከአራቱ ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋዩን ይዘው ይቆዩ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ስትወርጂ ፊትሽን ወደ ድንጋዩ አድርጊ፣ እንደ መሰላል። በመቀመጫሽ ተንሸራተሽ አትውረጂ፣ እግርሽ የት እንደሚያርፍ አታዪም፣ ቦርሳሽም ከኋላ ድንጋዩን ተደግፎ ወደ ፊት ይገፋሻል። ከታች አንድ የምታምኚው ሰው ይቁም፣ «ግራ እግርሽን ትንሽ ዝቅ፣ እዚያ አለ፣ እርገጪ» እያለ ይምራሽ። ስር ለስር አይቁም ግን፣ ወደ ጎን ይበል።

የእግር መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጣቶችሽ ጫፍ ብቻ ስትቆሚ ነው። ተረከዝሽን ዝቅ አድርጊው። ትንፋሽሽን ይዘሽ ከሆነ ልቀቂው።

ድንጋዩንም ፈትኚው። የኛ አገር ባዛልት ስንጥቅ ይበዛበታል፣ ከውጭ ሲታይ ተራራው ጋር የተያያዘ የሚመስል ድንጋይ በቃ ተቀምጦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመያዝሽ በፊት በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው። ጥፍንግ ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባ ወይም ትንሽ ነቅነቅ ካለ ተይው። ቢይዝሽም እንኳ ወደ ራስሽ አትሳቢው፣ ወደ ታች ነው መጫን ያለብሽ። ከዝናብ ወይም ከጉም በኋላ ደግሞ ጥላ በኩል ያለው አረንጓዴ ያለበሰው ድንጋይ ሳሙና ነው፣ እሱን በዙሪያ እለፊው።

እና ሁሌ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፣ እግርሽን ከማንሳትሽ በፊት፦ «ይቺን ተመልሼ እወርዳታለሁ?» መልሱ «እንጃ» ከሆነ አትውጪያት። ከጫፉ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው እይታ ያው ነው። ለጊዜው ድንጋይ ሳይኖርበት መሄድ ከፈለግሽ ወፍ ዋሻ ደን አለልሽ፣ ከጣርማበር ብዙም ሳይርቅ፣ በጽድና በዝግባ ጥላ ስር ነው የሚኬደው። የአካባቢ አስጎብኚ ይዘሽ ግን።

«ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተራራ እወጣለሁ ብሎ አስጨንቆኛል። ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት?» (እናት፣ ደብረ ሲና)

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። እንዲሁ ከመከልከልዎ በፊት ግን ይጠይቁት። ከማን ጋር ነው የምትሄደው? ወደ የትኛው ጫፍ፣ በየት በኩል? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትመለሱት፣ በዚያ ሰዓት ካልመጣችሁ ማንን ልጥራ? አንድ ሰው እግሩ ቢወለምጥ ማን ከሱ ጋር ይቀራል፣ ማን ለእርዳታ ይወርዳል? ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ከመለሰልዎት አስቦበታል ማለት ነው፣ ይፍቀዱለት፣ በሶውንም ይቋጥሩለት። «አይ እማዬ፣ ምንም አይሆንም» ብቻ ካለ ገና አልደረሰም። እድሜው ሳይሆን ዝግጅቱ አልደረሰም። በሚቀጥለው ሳምንት ተዘጋጅቶ ይምጣ። ደግሞም ዝናብ ወይም ነጎድጓድ ባለበት ቀን ማንም ይሂድ ማን እንቢ ይበሉ።

«ወንድሜ ከውጭ አገር ከመጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ጣርማበር ይዘነው ልንወጣ ነው፣ ስፖርተኛ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?» (ከአዲስ አበባ)

አለው። ከፍታ ስፖርተኛ አያውቅም። እኛ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተወልደን ስላደግን አናስተውለውም እንጂ ከ2,500 ሜትር በላይ ያልለመደ ሰውነት ሊታመም ይችላል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጎበዝ ሯጭ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ሊታመም ይችላል።

ጉዞውን በአንድ ሳምንት ግፉት። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ይቀመጥ፣ ውኃ ይጠጣ፣ መጠጥ ይቀንስ፣ በመሃል እንጦጦን ቀስ ብሎ ይውጣ። ከዚያ አንኮበር ብትወስዱት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮው ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ አቀበቱ አጭር ነው፣ ከላይ ሆኖ ግን ቆላው ሁሉ ይታያል። ወፍ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ገደል ገደሉን የምትኖር አንዲት ትንሽዬ ቡናማ ወፍ አለች፣ የአንኮበር ሴሪን ትባላለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው ሳይንስ ያወቃት።

ላይ ሆኖ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከወትሮው በላይ ከደከመው ከዚያ በላይ አይውጣ። አርፎ ካልተሻለው ውረዱ። እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ግን ጊዜ አትስጡ፣ ደግፋችሁ ወዲያው አውርዱትና ሐኪም ጋ ውሰዱት። መውረዱ ራሱ ትልቁ መድኃኒት ነው።

«እኛ የአካባቢው ልጆች ነን። እንግዳ መምጣቱን እንወዳለን። ግን ገብሳችንን ረግጠው፣ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ በትነው፣ ለጭላዳ ብስኩት ወርውረው ነው የሚሄዱት። ስንናገር ይቆጡናል። እባካችሁ ጻፉልን።» (ከጣርማበር አካባቢ)

ይኸው ጻፍን፣ ልክ ናችሁ።

ለምትወጡት ሁሉ፦ በእርሻው መሃል የምታዩት ጠባብ መስመር የእግር መንገድ ላይሆን ይችላል፣ ድንበር ሊሆን ይችላል። በዳር በዳሩ ሂዱ፣ መንገድ ቢረዝምባችሁም። ያ ገብስ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ላሚቱ ጨው የነካውን ፌስታል ከሣር ጋር ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ይቋጠራል፣ አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ቀስ በቀስ ይገድላታል። ከረጢት ያዙና ያመጣችሁትን መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ የብርቱካን ልጣጩንም ጭምር።

ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ብስኩት የለመደ ጭላዳ ሰው ሲያይ ቦርሳ ይመነትፋል፣ ቀጥሎ ማሳ ይገባል፣ ከዚያ ድንጋይና ውሻ ይታዘዝበታል። ብስኩቱን የወረወረው ሰው በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ቡና እየጠጣ ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ተመልከቱት፣ ዝም ካላችሁ እሱ ራሱ ሣሩን እየነጨ ይጠጋችኋል።

እና ልጆቹ ሲናገሯችሁ አትቆጡ። ቤታቸው ነው የገባችሁት። ለሰላምታ የሚሆን ትንፋሽ ደግሞ አቀበት ላይም አይጠፋም።

«ውድ ጫማ መግዛት የግድ ነው? ስኒከር አይሆንም?» (ከሸኖ)

ውድ መሆኑ ግድ አይደለም፣ ሶሉ ግን ጥርስ ይኑረው። የተላጨ ስኒከር ጠጠር ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፣ አደጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲወርዱ ነው፣ እግር ሲዝልና ሐሳብ ወደ መኪናው ሲሄድ። አዲስ ጫማ ገዝተህ በዚያው ቀን አትውጣበት፣ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተመላለስበት። ዱላ ያዝ፣ ጉልበትህን ያግዛል። ስትወርድ የጫማህን ገመድ ከቁርጭምጭሚትህ አካባቢ ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ እግርህ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት። ጥፍርህንም ከመሄድህ በፊት ቁረጥ፣ ረጅም ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ የጫማውን ጫፍ እየመታ ይጠቁርብሃል።